ጄምስ ፒተርስ «ችሎታ ብቻውን በር ይከፍታል» ለሚለው ማስረጃ አይሆንም

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተቀባበልን ያነበብነው ጽሑፍ ስለ ጄምስ ፒተርስ ነው። ፒተርስ በ1906 ለእንግሊዝ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው)። ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው፤ ብዙ ወላጆችም «ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው» እያሉ ሲያጋሩት አይቻለሁ። ስለ ፒተርስ በአማርኛ መጻፉ በራሱ የሚያስደስት ነገር ነው። ከሕይወቱ የተቀዳው ትምህርት ግን ከኖረው ሕይወት ጋር አይገጥምም። ለልጅ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። ፒተርስ ወላጅ አልባ የሰርከስ ልጅ ነበር፤ እንግሊዝ አንስታ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው ይላሉ። በዚያ ዘመን የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ መልበሱ መራጮቹ ከችሎታ በቀር ሌላ እንደማያዩ ያሳያል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረገው ግጥሚያ አለመሰለፉ የስፖርት ውሳኔ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። በ1912 መታገዱም ሕግ ጥሶ ገንዘብ በመቀበሉ ራሱ ያመጣው ጣጣ ነው። ከእሱ በኋላ ለ80 ዓመት ሌላ ጥቁር ተጫዋች በእንግሊዝ ቡድን ያልታየው፣ በአገሩ ጥቁር ሕዝብ እምብዛም ስላልነበረ ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው የሚደርሱበት ነጥብ «ጎበዝ ከሆንክ ማንም አያግድህም» የሚል ነው።

ስለ ልጅነቱ የጻፉት በአብዛኛው ልክ ነው። ፒተርስ በ1879 ማንችስተር ጥግ ባለችው ሳልፎርድ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ከጃማይካ የመጣ የሰርከስ ሠራተኛ ሲሆን፣ በልምምድ ላይ ሳለ በአንበሳ ተበልቶ ሞተ። እናቱ ሃና ጎፍ የሽሮፕሻየር እንግሊዛዊት ናት። ልጁ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ትርኢት እያሳየ አደገ፤ ክንዱ ሲሰበር ግን ለሰርከሱ የማይጠቅም ሆነና ተጣለ። ከዚያ በኋላ ነው ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሳውዝዋርክ፣ ቀጥሎ ግሪንዊች በሚገኙ ማሳደጊያዎች ያደገው። የኅትመትና የአናጢነት ሙያ የተማረው፣ በስፖርትም ጓደኞቹን የመራው እዚያ ነው። ማሳደጊያዎቹ ትልቅ ውለታ ውለውለታል፤ ይህን አልቀንስም።

ይሁን እንጂ ማሳደጊያ አንድ ነገር ነው፣ አገር ሌላ ነገር ነው። ፒተርስ ከማሳደጊያው ወጥቶ በ1900 ብሪስቶል ሲገባ፣ ለኖውል ክለብ በመጫወቱ የተቃወመ አንድ የኮሚቴ አባል ክለቡን ለቆ ወጥቷል፤ የከተማዋ ጋዜጣም የነጭ ተጫዋች ቦታ ያዘ ብሎ አጉረምርሟል። በጎ አድራጊዎቹ ያሳደጉትን «እንግሊዝ አሳደገችው» ካልን፣ ብሪስቶል ላይ የተቃወመውንም «እንግሊዝ ተቃወመችው» ማለት ሊኖርብን ነው። ለምስጋናው አገሪቱን በሙሉ፣ ለወቀሳው ግን ጥቂት ግለሰቦችን ብቻ መጥራት ሚዛኑን ያዛባዋል።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ፒተርስ በ1902 ወደ ፕሊመዝ ሄዶ በመርከብ መሥሪያው አናጢ ሆነ። ለፕሊመዝ ክለብና ለዴቮን አውራጃ ቡድን ተጫወተ። ቦታው ከስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቆላልፈው ለኳስ ከሚገፋፉበት) የወጣችውን ኳስ ተቀብሎ ለሯጮቹ የሚያከፋፍለው፣ የጨዋታውን አቅጣጫ የሚወስነው ሰው ቦታ ነው፤ ሁለት ሰው ተጣምሮ ይሰለፍበታል። ዴቮን በ1906 የአውራጃዎች ሻምፒዮን ስትሆን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ እሱ ነበር። በማርች 17 ቀን 1906 ኤድንብራ ውስጥ ኢንቨርሊዝ ሜዳ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ተሰለፈ፤ እንግሊዝ 9 ለ 3 አሸነፈች። ከአምስት ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ ፈረንሳይ 35 ለ 8 ስትረታ እሱም ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ።

ጸሐፊው ይህን ተርከው «እነሆ፣ ቀለም አላገደውም» ይላሉ። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን አልጻፉም። እንግሊዝ በ1905 በዌልስ 25 ለ 0፣ በአየርላንድ 17 ለ 3፣ በስኮትላንድ 8 ለ 0 ተሸንፋለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የኒውዚላንድ ቡድን መጥቶ 15 ለ 0 ቀጣት። 1906 ሲገባ ደግሞ በዌልስ 16 ለ 3፣ በአየርላንድ 16 ለ 6 ተረታች። በተከታታይ ስድስት ሽንፈት ማለት ነው። ፒተርስ የተጠራው ከስድስተኛው በኋላ ነው። ቤቱ ሲቃጠል ውኃ የያዘ ሁሉ ይጠራል፤ ባለቤቱ እንግዳ ተቀባይ ነበር ወይ የሚለው የሚታወቀው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሲመረጥም ቀለሙን ያላየ የለም። ዮርክሻየር ፖስት የተባለው ጋዜጣ ምርጫው በዘር ምክንያት ብዙዎችን እንዳላስደሰተ በግልጽ ጽፏል። ማንም ቀለም የማያይ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ጋዜጠኛም፣ የሚያነብ አንባቢም አይኖርም ነበር። መራጮቹ ይህን እያወቁ ስሙን ማስገባታቸው ድፍረት ነው፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። የድፍረት ሥራ ነበር ማለት ግን የሚደፈር ነገር ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው የካዱት ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የማልስማማው ስለ ደቡብ አፍሪካ ግጥሚያ በጻፉት ነው። ጉዞው «ያለ ምንም እንከን» እንዳለፈ፣ ፒተርስም በዲሴምበር ያልተሰለፈው የተሻለ ተጫዋች ስለነበረ ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው።

የደቡብ አፍሪካ ቡድን በ1906 መገባደጃ በፖል ሩስ አምበልነት ብሪታኒያን ሲዞር፣ በኦክቶበር 17 ቀን ዴቮንፖርት ላይ ከዴቮን ጋር ተጫወተ። በዴቮን ማሊያ ውስጥ ፒተርስ ነበር። እንግዶቹ ከጥቁር ሰው ጋር አንጫወትም ብለው ተቃወሙ፤ ወደ ሜዳ የገቡት ተለምነው ነው። የዴቮን ሰዎች ግን ተጫዋቻቸውን አላወጡም። ጸሐፊው ስለ እንግሊዛውያን ፍትሐዊነት ማውሳት ከፈለጉ ሊጠቅሱት የሚገባው ይህ ነበር፤ የሚያኮራው የዴቮን ሥራ ነውና። እሳቸው ግን ይህን ክስተት ጭራሽ አላነሱትም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 8፣ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ላይ እንግሊዝ ከዚሁ ቡድን ጋር ገጠመች። ፒተርስ አልተሰለፈም። «የተሻለ ሰው ነበረ» የሚለው ክርክር ባዶ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በቦታው ላይ የነበረው ኤድሪያን ስቱፕ በኋላ የእንግሊዝን የአጨዋወት ስልት የለወጠ ታላቅ ተጫዋች ነው። የስቱፕን ስም ብቻ ለብቻው ካየን ጉዳዩ ያበቃ ሊመስል ይችላል። ግን በማርች ወር ስኮትላንድን ያሸነፈው ስቱፕና ፒተርስ አብረው የተሰለፉበት ቡድን ነው። ሁለቱ የማይጣመሩ ሆነው አይደለም። በዲሴምበር የፒተርስን ቦታ የወሰደው ደግሞ የዴቮን አጣማሪው ራፋኤል ጃጎ ነው። መራጮቹ ከዴቮን ጥንድ ነጩን ጠርተው ጥቁሩን ተዉት ማለት ነው።

ፍሬዲ ብሩክስንም እንይ። ብሩክስ የሮዴዥያ ነዋሪ ነበር፤ እንግሊዝ የመጣው ለዕረፍት ነው። በማጣሪያ ጨዋታ ታየና ለዚህ ግጥሚያ ተመረጠ፤ በሦስት ለሦስት በተጠናቀቀው ጨዋታ የእንግሊዝን ትራይ ያስቆጠረውም እሱ ነው። በሕይወቱ ለእንግሊዝ የተጫወተው ያንን አንድ ቀን ብቻ ነው። ብሩክስን አልወቅስም፤ የተጫወተበት ቦታም የፒተርስ አይደለም። የማነሣው ስለ መራጮቹ ዓይን ስፋት ነው። ከደቡብ አፍሪካ ጎረቤት ለዕረፍት የመጣን ሰው አይቶ የሚጠራ ኮሚቴ፣ ከስምንት ወር በፊት ራሱ የመረጠውን፣ ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሁለቱንም ያሸነፈውን የፕሊመዝ አናጢ ረሳው ብሎ ማመን ይከብደኛል።

የሚቀጥለው ደግሞ ይህን ያጠናክረዋል። የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጉዞውን በጃንዋሪ 1907 መጀመሪያ ፈረንሳይ ላይ ጨርሶ ሄደ። በፌብሩዋሪ ፒተርስ ተመለሰ፤ ደብሊን ላይ ከአየርላንድ፣ ቀጥሎም ከስኮትላንድ ጋር ተጫወተ፤ በስኮትላንዱ ጨዋታም ለእንግሊዝ ትራይ አስቆጠረ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ይበቃል፣ እነሱ እያሉ አይበቃም፣ ከሄዱ በኋላ እንደገና ይበቃል። ችሎታው በዚህ መልኩ የሚወጣና የሚወርድበት ምክንያት ምን ይሆን? «ጥቁር ስለሆነ አትጥሩት» የሚል ቃለ ጉባኤ አላቀርብም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን በቃለ ጉባኤ ተጽፎ አይቀመጥም። የሚታየው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ጸሐፊው ያሉትን አይደግፍም። እንግዶቹ ዴቮንፖርት ላይ የጠየቁትን ዴቮን ከለከለቻቸው፤ ክሪስታል ፓላስ ላይ ግን ሳይጠይቁም አገኙት።

የመጨረሻ ጨዋታውን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልለፍ። ጃንዋሪ 1908 ብሪስቶል ላይ በከባድ ጉም ውስጥ ዌልስ እንግሊዝን 28 ለ 18 አሸነፈች፤ ፒተርስ ከዚያ ወዲያ አልተጠራም። ጸሐፊው ይህን በቀለም አላሳበቡም፤ እኔም አላሳብብም። ዕድሜው 28 ነበር፤ ቡድኑም ተሸንፏል፤ በአምስት ጨዋታ የሚያበቃ ብዙ ተጫዋች አለ።

ስለ 1912ቱ እገዳ የጻፉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየውን በሞራል ከስሰውታልና። «ለክብር ሳይሆን ለገንዘብ ተሸነፈ» ብለዋል።

ሕጉ ምን እንደነበረ መታወቅ አለበት። የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረት ተጫዋች ምንም ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር፤ ለመጫወት ሲል ከሥራ ቀርቶ ያጣውን የቀን ደመወዝ እንኳ። ይህ ለባለ ርስትና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ችግር አልነበረም። የማዕድን ቆፋሪ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ የመርከብ አናጢ ግን ለአገሩ ወይም ለክለቡ በተጫወተ ቁጥር ከቤተሰቡ ጉሮሮ ይቀነሳል። በዚህ ጉዳይ ነው የሰሜን እንግሊዝ 22 ክለቦች በኦገስት 29 ቀን 1895 ሀደርስፊልድ ከተማ በሚገኝ ሆቴል ተሰብስበው ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት። የጠየቁትም ለባከነ የሥራ ቀን ስድስት ሺሊንግ ነበር። ዛሬ ራግቢ ሊግ የምንለው፣ በ13 ሰው የሚጫወቱት ጨዋታ የመጣው ከዚያ ነው። ፒተርስ ለእንግሊዝ የተሰለፈበት፣ በ15 ሰው የሚጫወተው ራግቢ ዩኒየን ክፍያ የፈቀደው በኦገስት 1995 ነው፤ ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ።

«ሕግ ሕግ ነው» የሚሉት ጸሐፊ ሕጉ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራ እንደነበር አስበዋል። አልሠራም። የዌልስ አምበል አርተር ጉልድ በ1890ዎቹ በሕዝብ መዋጮ ቤት ተሰጠው። በሕጉ ፊደል ከሄድን ይህ ከባድ ጥሰት ነው። ጭቅጭቁ ዌልስን ከዓለም አቀፉ ቦርድ እስከማስወጣት ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን የእንግሊዙ ኅብረት በ1897 ጉዳዩን ልዩ ነው ብሎ ጉልድ ከእንግሊዝ ክለቦች ጋር እንዲጫወት ፈቀደ። በ1905 የመጣው የኒውዚላንድ ቡድን ተጫዋቾችም በቀን ሦስት ሺሊንግ አበል ሲቀበሉ ኅብረቱ አልፎታል፤ ስኮትላንዶች በዚህ ተቆጥተው ዓመታት አኩርፈዋል። ስለዚህ ሕጉ ይለጠጥ ነበር። የሚለጠጠው ግን ዝነኛ ኮከብ ወይም ሜዳ የሚሞላ የባሕር ማዶ ቡድን ሲመጣ ነው።

ፒተርስ በበኩሉ በ1910 በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሦስት ጣቶቹን ያጣ አናጢ ነው። በእጁ እንጀራውን የሚበላ፣ በእጁ ኳስ የሚይዝ ሰው ሦስት ጣት ሲያጣ ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው ቆም ብለው ቢያስቡት እመኛለሁ። ከዚያም በኋላ መጫወቱን አልተወም። በ1912 የዴቮን ክለቦች ለተጫዋቾች ከፍለዋል ተብለው ሲመረመሩ ከታገዱት አንዱ እሱ ሆነ። አብረውት ነጭ ተጫዋቾችም ታግደዋል፤ እገዳው የቀለም ጉዳይ ነው ብዬ አልከራከርም። የሠራተኛ ልጅ መሆን ጉዳይ ነው። «ለገንዘብ ተሸነፈ» የሚለውን ቃል የምቃወመውም ለዚህ ነው። የደመወዙን ቀዳዳ የሚደፍንበት ሌላ ርስት የሌለውን ሰው ስግብግብ ብሎ መጥራት ፍርድ አይደለም።

ከእገዳው በኋላ ፒተርስ በ1913 ወደ ሰሜን ተጉዞ ለባሮው፣ በ1914 ደግሞ ለሴንት ሄለንስ ፈረመ። 34 ዓመት ሞልቶታል፣ ሦስት ጣት የለውም፣ ክለቦቹ ግን ፈለጉት። ጸሐፊው ይህን ምዕራፍ «ውርደት» ብለውታል። እኔ ምንም ውርደት አላይበትም። የላቡን ዋጋ በግልጽ፣ በውል፣ በአደባባይ የከፈለው የመጀመሪያው ራግቢ ይህ ነው። በኋላም ወደ ፕሊመዝ ተመልሶ በ1954 እስኪሞት ኖሯል።

«አንድም ቀን አላማረረም፤ ስለዚህ በደል አልተሰማውም» የሚል አንድ መስመርም አለ። የፒተርስን አንድ ቃል እንኳ ሳይጠቅሱ ስለ ልቡ እንዴት እርግጠኛ እንደሆኑ አልገባኝም። በዚያ ዘመን በመንግሥት መርከብ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጥቁር አናጢ ዝም ቢል፣ ዝምታው ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

የቀረው የ80 ዓመቱ ክፍተት ነው። ከፒተርስ የመጨረሻ ጨዋታ እስከ ክሪስ ኦቲ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ከጃንዋሪ 1908 እስከ ማርች 1988፣ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ለእንግሊዝ አልተሰለፈም። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ የጥቁሩ ሕዝብ ቁጥር አነስተኛ እንደነበር ጸሐፊው ያሉት እውነት ነው፤ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላለው ጊዜ ከፊል ምክንያት ሊሆንም ይችላል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ከካሪቢያን በመጡ ሰዎችና በልጆቻቸው የእንግሊዝ ከተሞች ተሞሉ፤ ምክንያቱ ያኔ ይወድቃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በእግር ኳስ ዋልተር ተል በ1909 ለቶተንሃም ተጫውቷል፤ እሱም እንደ ፒተርስ በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ነው። ሰው ከነበረ ለምን በራግቢ ዩኒየን አልታየም?

መልሱ ያለው በሌላው ራግቢ ነው። የዌልሱ ሮይ ፍራንሲስ በ1947 ለታላቋ ብሪታኒያ የሊግ ቡድን ተሰለፈ፤ በኋላም ታዋቂ አሠልጣኝ ሆነ። አባቱ የሴራሊዮን መርከበኛ የነበረው የካርዲፉ ቢሊ ቦስተን በ1953 ለዊጋን ፈርሞ በሙያ ዘመኑ 571 ትራይ አስቆጠረ። ክላይቭ ሱሊቫን፣ እሱም ከካርዲፍ፣ በ1972 ብሪታኒያን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ አነሣ። ሦስቱም ዌልሳውያን ስለሆኑ የእንግሊዝን ዩኒየን ብቻ የሚመለከት ምሳሌ አይደሉም፤ የሚያሳዩት ግን ግልጽ ነው። በአንድ ደሴት፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ራግቢ ጥቁር ተጫዋች አጥቶ አያውቅም፤ ሌላው ግን አላገኘም። ሕዝቡ አንድ ነው፤ የተለየው የመግቢያው መንገድ ነው። ዩኒየን በታወቁ ትምህርት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በሙያተኞች ክለቦች በኩል ይመለምል ነበር፤ ደመወዝም አይከፍልም። ለሊግ ፈርሞ ገንዘብ የነካ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይባረር ነበር። ይህ ሁሉ ባለበት የቆዳን ጉዳይ እንኳ ብንተወው፣ የካርዲፍ ወደብ ልጅ ወይም የፕሊመዝ አናጢ «ጎበዝ» ስለሆነ ብቻ አያልፍም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና ሊያወጡት እንዳሰቡ አንብቤያለሁ። ካወጡት ሁለት ነገር እለምናቸዋለሁ። የዴቮንፖርቱን ኦክቶበር 17 ከክሪስታል ፓላሱ ዲሴምበር 8 በፊት ያስገቡት፤ አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ራሱ ይፍረድ። «ለገንዘብ ተሸነፈ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያውጡት።